በአጋሮ የነበሩን አንድ ተማሪ

ልጄ ሰሞኑን ድረ ገጽ መሥራት እየተማረች ነው። ስልኳን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ የአንድ ወጣት መምህር ቪዲዮ ታያለች፤ ያልገባትን መልሳ ታያለች፣ የሰለቻትን ታሳልፋለች። "አባዬ፣ ድሮ ይኼ ሳይኖር ሰው እንዴት ይማር ነበር?" አለችኝ ትናንት ቁርስ ላይ። "እንደ ምንም" አልኳት። የቀረውን ለራሴ አስታወስኩት።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከጓደኛዬ ከነጃት ጋር ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር አብረን ተምረን ጨርሰናል። እሷ በቾ ቦሬ ሰፈር አንድ ኢንተርኔት ቤት ትሠራለች፤ እኔ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ሥራ እጠብቃለሁ። በየስብሰባው "ወጣቶች ተደራጁ" የሚባልበት ዘመን ነበርና እኛም ሁለት ሆነን ተደራጀን፤ ድረ ገጽ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከሀ ጀምሮ በአማርኛ የሚያስተምር ድረ ገጽ ከፈትን። ትምህርቱን እኔ እጽፋለሁ፣ ነጃት ገጹን ትሠራለች። መስመሩ ከመንቀርፈፉ የተነሳ አንድ ገጽ እስኪጫን ወጥተን አቮካዶ ጁስ ጠጥተን እንመለስ ነበር። ጠጥተን ልበል እንጂ በማንኪያ ነው የሚበላው። ያንን የመሰለ እስካሁን አልቀመስኩም፤ ወይ ዕድሜው ይሆናል ያጣፈጠው።

አሥራ ሁለት ትምህርቶች ጫንን። ወራት አለፉ፣ የሚመዘገብ ጠፋ። በመጨረሻ ከአጋሮ አንድ ሰው ተመዘገበ። መልመጃዎቹን በተራ እየሠራ ይልክልን ጀመር፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ።

"ሄደን እንየው" አለች ነጃት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲመዘገብ የሞላውን አድራሻ ይዘን ሚኒባስ ተሳፈርን። ኅዳር ነበር። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የእሸቱ ኮምጣጣ ሽታ በመስኮት ይገባል። አንድ ጎረምሳ የምናገኝ መስሎን ነበር። ያገኘነው ወይዘሮ ሙንተሃን ነው፤ ሃምሳን ያለፉ፣ ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ ቤት ማመልከቻና ውል የሚተይቡ ሴት።

"ኮታ፣ ሴና!" ብለው አስገቡን፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮም አቀረቡልን። ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው "ሰባተኛውን ማን ነው የጻፈው?" አሉ።

"እኔ ነኝ።"

"'እንደሚታወቀው' ትላለህ፣ ልጄ። ቢታወቅማ ምን ልማር እመጣ ነበር?"

ነጃት ሳቋን ዋጠች። ወይዘሮ ሙንተሃ አንድ ደብተር ከፈቱ። ስድስቱን ትምህርቶች በእጃቸው ወደ ኦሮምኛ መልሰዋቸዋል። መተየብ የሚያለማምዷቸው ሦስት ልጃገረዶች ነበሩ፤ ቤቷን ሲዘጉ እነሱን ያስተምራሉ።

"እኔ ካልገባኝ እነሱም ሰባት ላይ ይቆማሉ" አሉ። "ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣላችሁ?"

ነጃት ሳትናገር "እንመጣለን" አልኩ። የቀሩትንም ሁሉ እንደ አዲስ እጽፋለሁ ብዬ ቃል ገባሁ።

ሁለት ቅዳሜ ሄድኩ። በሁለተኛው፣ ከልጃገረዶቹ አንዷ ራሷ በሠራችው ገጽ ላይ ስሟ ወጥቶ ስታይ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። እንደዚያ ያለ ደስታ ከዚያ በኋላ በሥራዬ ብዙም አልገጠመኝም።

በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ የቅጥር ደብዳቤ መጣልኝ።

"አጋሮ ሄደህ ንገራቸው" አለች ነጃት።

"አንቺ ንገሪልኝ።"

"እኔ የማደርስላቸው ትምህርቱን ነው። የአንተን ራስህ ተናገር።"

አልነገርኳቸውም። ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ ሄድኩ፤ አዲስ አበባ ሆኜ እጽፋለሁ ያልኩትንም አልጻፍኩም። ድረ ገጻችን ቆይቶ ተዘጋ። ነጃት ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ አጋሮ ተመላልሳ ከሰባተኛው ጀምሮ ያለውን ከወይዘሮ ሙንተሃ ጋር በኦሮምኛ ጻፈችው። ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው።

ባለፈው ዓመት ለለቅሶ ጅማ ሄጄ ነጃትን አገኘኋት። ወይዘሮ ሙንተሃ ማረፋቸውን ነገረችኝ።

"ስለ እኔ ጠይቀው ያውቃሉ?" አልኳት።

"አንድ ጊዜ። 'ያ ልጅ ደህና ነው?' አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። 'አልሐምዱሊላህ' ብለው ወደ ደብተሩ ተመለሱ።"

ለዓመታት ተቀይመውኛል ብዬ ስፈራ ኖሬያለሁ። ለመቀየም እንኳ ጊዜ እንዳልነበራቸው ሳውቅ እፎይ ማለት ነበረብኝ። ምንም አልቀለለኝም።