ፔዳሉን የጠገነልኝ ሰው

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ በጎጃም ገጠር በበረታበት ዓመት ነው። ያኔ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ በፍኖተ ሰላም የኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር እጫወት ነበር። ዛሬ ጡረተኛ ነኝ፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። የዚያን ቀን አፌን ግን አልረሳሁትም። ሰው ክፉ ሠርቶ ይጸጸታል፤ እኔ የምጸጸተው አመስግኜ ነው።

የኪነት ቡድን አባል መሆን በዚያን ጊዜ ትልቅ መጠለያ ነበር። እኩዮቼ ከገበያም ከሠርግ ቤትም እየታፈሱ ሲሄዱ፣ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ «ዝመቱ» እያልኩ እዘፍንላቸው ነበር። ራሴ ሳልዘምት ማለት ነው። አላፍርበትም ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ የማፍረው በተቀደደ ጫማዬ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ለቡድኑ ከአዲስ አበባ ያገለገለ የጊታር ፔዳል መጣ። ከእግር ሥር የምትቀመጥ ትንሽ የብረት ሣጥን ናት። ሲረግጧት የጊታሩን ድምፅ ታርገበግበዋለች፤ እንደገና ሲረግጧት ትጠፋና ድምፁ ወደ ተራው ይመለሳል። ሁለት መውጫ ስላላት አንዱን ከግራው ድምፅ ማጉያ፣ ሌላውን ከቀኙ አገናኘነው። ጉዱ የታየው መድረክ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲበራ ጊታሩ በሁለቱም በኩል ይሰማል። ሲጠፋ ግን በግራው ብቻ ይቀራል፤ ቀኙ ጸጥ ይላል።

በፍኖተ ሰላም አዳራሽ በቀኝ በኩል የተቀመጡት ደግሞ የአውራጃው ሹማምንት ነበሩ። በሽለላው መካከል ፔዳሉን ሳጠፋው ጊታሩ ከእነሱ ዘንድ ጠፋ። አንደኛው ሹም ዞር ብሎ የቡድናችንን ኃላፊ አየው። 

ኃላፊያችን በማግስቱ ጠራኝ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ቡሬ ላይ ዘማቾች እንሸኛለን። ያኔም እንዲህ ከሆነ ጊታሩን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ አንተ ከዘማቾቹ ጋር መኪናው ላይ ትወጣለህ። ገባህ?»

ገብቶኛል። ያለ ፔዳሉ ልጫወት ብዬ ብጠይቀው፣ «ለቡድኑ የተመደበ ንብረት ሥራ ላይ ይውላል!» ብሎ ጮኸብኝ። ሳላጠፋው ልጫወት ብል ደግሞ ሽለላው ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። በፍኖተ ሰላም ሬዲዮ የሚጠግኑት ሁለቱም ሰዎች ሣጥኑን አገላብጠው አይተው መለሱልኝ።

ዘፋኛችን የቡሬ ልጅ ነበረች። ጭንቀቴን አይታ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ከቡሬ ወጣ ብሎ ሬዲዮ የሚጠግን ልጅ አለ፣ ይበልጣል ይባላል። እጁ የተባረከ ነው። ግን ተደብቋል፤ ሁለት ጊዜ ለውትድርና ሊወስዱት መጥተው አጥተውታል። ስትሄድ ለብቻህ ሂድ፤ ለማንም አትንገር» አለችኝ።

ጊታሬን በጀርባዬ አዝዬ፣ ፔዳሉን በከረጢት ይዤ፣ ከቡሬ አንድ ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። እናቱ እማማ አንጓች ደጃፋቸው ላይ ገብስ አስጥተው ዶሮ ይከላከላሉ።

«ልጅዎን ፈልጌ ነበር» አልኳቸው።

«የቱን ልጄን? አንድ ነበረኝ፣ እሱም አገር ለቆ ሄደ» አሉ ከገብሱ ቀና ሳይሉ።

ፔዳሉን አውጥቼ አሳየኋቸው። ካልተጠገነ የሚደርስብኝንም ነገርኳቸው። ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ አገውኛ አልሰማም። ከእህል ጎታው ጀርባ ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ወጣ።

ይበልጣል እኩያዬ ነበር። ድቁና ጀምሮ የተወ፣ ሬዲዮ መፍታት ከማንም ሳይማር የለመደ ልጅ ነው። የፔዳሉን ክዳን ፈትቶ ውስጡን አየና ሳቀ።

«ማብሪያውን አየኸው? ስድስት እግር አለው። ሦስቱ ይሠራሉ። ሦስቱ ሥራ ፈተው ተቀምጠዋል፣ እንደኔ» አለ።

የመበየጃ ብረቱን በፍም አጋለ። ከአሮጌ ሬዲዮ ቀይ ሽቦ ቆርጦ ሥራ የፈቱትን እግሮች ከቀኙ መውጫ ጋር አገናኛቸው። ፔዳሉ ሲጠፋ ተራው የጊታር ድምፅ በዚያች ሽቦ አልፎ ወደ ቀኙም እንዲደርስ ማለት ነው። ሥራው ይኸው ነበር።

መብራት በሌለበት ገጠር እንዴት እንደሚፈትነው ግራ ገብቶኝ ሳይ፣ ሰዎች አምጥተውለት ከጠገናቸው የባትሪ ሬዲዮኖች ሁለት አነሣ። የፔዳሉን አንድ መውጫ ከአንዱ ሬዲዮ፣ ሌላውን ከሌላው አገናኘ። አንዱን በሩ አጠገብ፣ አንዱን መደቡ ጫፍ ላይ አስቀመጠና «በል ምታው» አለኝ። መታሁት። ፔዳሉን አጠፋሁ። ጊታሩ ከበሩም ከመደቡም እኩል ተሰማ።

እማማ አንጓች አማተቡ። «እንዴ! ሁለት ሆንክሳ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ሳቃቸውን ዋጡት። «ቀስ በሉ ልጆቼ፣ መንገደኛ ይሰማል።»

«የድካምህን ምን ላድርግልህ?» አልኩት ይበልጣልን።

«ስሜን አታንሳ» አለኝ። «ማን ሠራው ቢሉህ እንጃ በል። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እናቴ ትሙት፣ አላነሣም» ብዬ ማልኩ። እናቱ እየሰሙ በእናቴ ማልኩ። እማማ አንጓች እርጎ ሰጡኝ፤ ጠጥቼ፣ መርቀውኝ ሄድኩ።

የሽኝቱ ቀን የቡሬ ሜዳ ሞልቶ ነበር። ዘማቾቹ ተሰልፈው ቆመዋል። እናቶቻቸው ከኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያያሉ። እኔ የማየው ፔዳሉን ብቻ ነበር። ሽለላው ሲደርስ ረግጬ አጠፋሁት። ጊታሩ በግራም በቀኝም ቀጠለ። ተረፍኩ አልኩ በሆዴ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ኃላፊያችን ደስ ብሎት መድረክ ላይ ወጣ። ማይክሮፎኑን ይዞ፣ «ጓዶች! ይህን መሣሪያ በራሱ እጅ ፈትቶ የጠገነው ይህ ወጣት ነው!» ብሎ ክንዴን ወደ ላይ አነሣው። እኔ ነኝ ብዬ አልነገርኩትም፤ ማን ጠገነው ብሎም አልጠየቀኝም። ሜዳው አጨበጨበ።

በእኛ አገር የሰው ሥራ የራስ አድርጎ መቀበል ነውር ነው። አዝማሪ እንኳ የሸለመውን ሰው ስም ሳይጠራ አይቀመጥም። ጭብጨባው በበዛ ቁጥር ፊቴ ጋለ፤ የሰው ልብስ ለብሼ የቆምኩ መሰለኝ። ውለታ ቢስ እንዳልሆን ፈራሁ። ማይክሮፎኑን ከኃላፊው እጅ ወሰድኩና፣ «እኔ አይደለሁም! የሠራው የእማማ አንጓች ልጅ ይበልጣል ነው፤ እጁ ይባረክ!» አልኩ።

ስሙ በግራም በቀኝም ተሰማ።

ዞር ስል ዘፋኛችንን አየኋት። እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ያኔ ነው መሐላዬ ትዝ ያለኝ። ከሹማምንቱ ጀርባ አንድ የቀበሌ ሰው ጎንበስ ብሎ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ከአፍ የወጣ ከአፋፍ የወደቀ ይላሉ፤ የወደቀው ግን እኔ አልነበርኩም።

ሮጬ ሄጄ ይበልጣልን ሽሽ ልበለው አልኩ። ገና ሦስት ዘፈን ይቀረን ነበር። ከመድረክ ብወርድ እኔንም ይጭኑኛል ብዬ ፈራሁ። ሦስቱንም ተጫወትኩ። ጥሩ አድርጌ ተጫወትኩ።

በሦስተኛው ቀን ዘፋኛችን «ወሰዱት» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከሥራ በቀር ቃል አልተነፈሰችልኝም። ኃላፊያችን በበኩሉ የምስጋና ወረቀት ሰጠኝ። «ለታማኝነቱ» ይላል።

ወር ቆይቼ እማማ አንጓች ዘንድ ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። እንደ ድሮው አስገብተው አስቀመጡኝ፣ እርጎ ቀዱልኝ። እርጎውን መሬት አስቀመጥኩት። «ይቅር ይበሉኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ክንዴን ይዘው አነሡኝ።

«ያን ዕለት አጠራርህ ጥሩ ነበር አሉ፤ ሜዳው ሁሉ ሰማ አሉ» አሉኝ በዝግታ። «እስቲ አሁንም ጥራልኝ ልጄ። አንተ ስትጠራው ይሰማ እንደሆን። እኔስ ጠርቼ ጠርቼ ደከመኝ።»

ደርግ ሲወድቅ ከግንባር በእግራቸው የሚመለሱ ልጆች በቡሬ በኩል ሲያልፉ መንገድ ዳር ቆሜ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ይበልጣል አልነበረም። እማማ አንጓችም መጨረሻውን ሳያውቁ አረፉ።

ቡድኑ ሲበተን ፔዳሉን ማንም አልጠየቀኝም፤ ዛሬም ቤቴ አለ። አንዳንዴ ክዳኑን ከፍቼ ቀይዋን ሽቦ አያታለሁ። ብየዳዋ ንቅንቅ አላለም። ነገሩን የሚያውቁ ወዳጆቼ «የዋህ ሆነህ ነው፣ ክፋት አላሰብክም» ይሉኛል። ስሙን የጠራሁት በየዋህነት ይሁን እሺ። ሦስቱን ዘፈን የተጫወትኩት ግን በየዋህነት አይደለም፤ በፍርሃት ነው። እያወቅኩ ነው።

ይበልጣል ብዬ የጻፍኩት የልጁ ስም አይደለም። አንጓችም የእናቱ ስም አይደለም። አሁን ለማን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ለማንም አይጠቅምም። ግን ስሙን ላላነሣ ምዬለት ነበር።