የቀንድ አውጣው ቤት

ልጅ ሳለሁ አያቴን የጠየቅኋቸው አንድ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብሮኝ ኖሯል፤ የዚህ ቤት ባለቤት የት ሄደ?

ያኔ የምንኖረው ባሕር ማዶ፣ ሄይዋርድ በሚባል ከተማ ነበር። አባቴ ከኦክላንድ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ስለነበር፣ ሥራ በማይገባባቸው የበጋ ምሽቶች ከወደቡ ብዙም ወደማይርቅ የባሕር ዳርቻ ይወስደን ነበር። እዚያ በተተከለው የብረት ምድጃ ላይ ሥጋ ጠብሰን ከበላን በኋላ፣ የእናቴ አባት አባባ የአባቴን የሥራ ጃኬት ደርበው ፍሙ እስኪከስም ተረት ይነግሩን ነበር። ጭሱ በነፋሱ እየዞረ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም አንድ ቃል እንዳያመልጠኝ ስል ከቦታዬ አልነሳም። ከውሃው ማዶ የወደቡ መብራቶች አንድ በአንድ ይበሩ ነበር።

አንድ ምሽት ጡጫዬን የሚያክል ጠመዝማዛ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ከአሸዋው አንስቼ መጣሁ። ያን ሳምንት ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ነበር፤ እናቴም ብዙ አትናገርም ነበር።

«አባባ፣ ባለቤቱ የት ሄደ?»

«የቤቱን ሬንት ጨምረውበት ይሆናላ» አለ አባቴ። ማንም አልሳቀም።

አባባ ቅርፊቱን መዳፋቸው ላይ አገላበጡት። «አጥንትም እጅም የሌለው ለስላሳ ፍጡር በባሕር ይኖር ነበር» አሉ። «ሸርጣኑ ይቆነጥጠዋል፣ ወፉ በመንቁሩ ይወጋዋል፣ ፀሐይ ታደርቀዋለች። ቢጨንቀው ከገዛ ገላው ቤት ሠራ። ኋላ ግን ጠበበው፤ ሰፋ ያለ ቤት አገኘና ወደዚያ ሄደ። አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ደህና ነው።» ይህን ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጭስ የገባባቸው መስሎኝ ነበር።

ደሴ የቀሩት አያቴ፣ የአባባ ሚስት፣ መሞታቸውን የሰማሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ወደ ኋላ ሳስበው፣ ያ ሳምንት የለቅሶ ሳምንት ነበር፤ አባቴም ወደ ዳርቻው የወሰደን አባባ ትንሽ እንዲተነፍሱ ብሎ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ እነዚህ ፍጥረታት ሳነብ የአባባ ተረት ግማሹ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ገላቸውን እንደ ነጠላ የሚያለብስ ስስ ሥጋ አላቸው፤ ኖራ መሰል ማዕድን ከውሃው እየሳበ በቅርፊቱ ከንፈር ላይ በስሱ የሚደርበው እሱ ነው። ከጠላትም ከድርቀትም የሚከልላቸው ይኸው ቅርፊት ነው። ቤት ግን አይቀይሩም። ሲያድጉ ከአፉ በኩል እየጨመሩ ያሰፉታል እንጂ አይለቁትም፤ ገና ጥቃቅን ሳሉ የኖሩባት ክፍልም ጫፉ ላይ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ተቀምጣ ትቀራለች። ባዶ ቅርፊት ከተገኘ ባለቤቱ ሞቷል ማለት ነው። ይህን ለአባባ ለመናገር ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ አፍሬ ዘግቼዋለሁ። ያውቁ ይሆን እያልኩም አስብ ነበር።

ባለፈው ወር አባባ አረፉ። ሳንሆዜ የሚኖረው ወንድሜ ለትንሿ ልጁ ለሐናን «ደሴ ሄደዋል» ብሏታል። ለቀስተኛው በበዛበት ሰዓት እንደ ልማዴ ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ መጥታ በእንግሊዝኛዋ ጆሮዬ ላይ አንሾካሾከች፤ ታዲያ ምርኩዛቸውን ለምን ትተው ሄዱ? ከበሩ ኋላ ቆሞ አይታዋለች።

ወንድሜን ወደ ጓዳ ጠርቼ ጥያቄዋን ነገርኩትና እውነቱን እንንገራት አልኩት።

«ተይ እንጂ፣ አፕሴት ታደርጊያታለሽ» አለኝ። «ስታድግ ራሷ ትደርስበታለች።»

«እኔም ራሴ ነው የደረስኩበት» አልኩት። «ብቻዬን።»

ወለሉን እያየ «አንቺ ንገሪያት» አለኝ። «እኔ አልችልም።»

አባባን አልወቅሳቸውም። ሚስታቸውን ባጡ ሰሞን ለኔ ተረት ፈልገው ማግኘታቸው ዛሬም ይገርመኛል፤ የዚያ ከሰል ሽታ በመጣብኝ ቁጥር የምሰማውም ያን «አብሽሪ» ያሉበትን ድምፅ ነው። ሆኖም ወስኛለሁ። እሁድ ሐናንን ይዤ ወደዚያው ዳርቻ እሄዳለሁ። እሳት አቀጣጥለን ፍሙ ሲቀላ፣ እስካሁን ከመጻሕፍቴ መካከል ያለውን ቅርፊት እጇ ላይ አስቀምጬ ተረቱን አባባ እንደነገሩኝ እነግራታለሁ። ባለቤቱ የት እንደሄደ ስትጠይቀኝ መሞቱን እነግራታለሁ፤ አባባም ደሴ እንዳልሄዱ። ከዚያ ጣቷን ይዤ፣ ጫፉ ላይ የቀረችውን ትንሿን ክፍል አስነካታለሁ።