ፈረንጅ ተጠብቆ እኔ የመጣሁበት ቤት

ሞያሌ፣ ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት

አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ሻንጣዬን ጣሪያው ላይ የጫነው ረዳት "ገመዱን አጥብቄዋለሁ፣ አትስጊ" ቢለኝም በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ሦስቴ አየሁት። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ሳልሰጋ የዋልኩበትን ቀን አላስታውስም። ናይሮቢ ተወልጄ፣ እዚያው ኢስትሌይ ሰፈር አድጌ፣ የወላጆቼን አገር ሳይ በሃያ ስድስት ዓመቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የምሄደው አዲስ አበባ፣ ካዛንቺስ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ዘንድ እየኖርኩ ለአንድ ዓመት በነጻ ሒሳብ ላስተምር ነው። እናንተ የማኅበራችን ጋዜጣ አንባቢዎች ስትሸኙኝ "ሁሉን ጻፊልን" ብላችሁኛልና ፍርሃቴንም አልደብቃችሁም።

የላከኝ ድርጅት ያስፈረመኝ ወረቀት የመጀመሪያው ሳምንት ሙከራ ነው ይላል። ቤተሰቡ ካልተስማማኝ ወይም ካልተስማማሁት ሌላ የሚቀበለኝ ቤት የለም፤ ወደመጣሁበት መመለስ ነው። አባቴ "አትችይውም" ሲለኝ "ታያለህ!" ብዬ፣ ሥራዬንም ለቅቄ ነው የወጣሁት። በስምንተኛው ቀን በዚሁ መንገድ መመለሱን ሳስብ እንደገና አንገቴን አውጥቼ ሻንጣዬን አየሁ።

ከሜጋ እስከ ያቤሎ ቀይ አፈር፣ ከሰው የሚረዝም የምስጥ ኩይሳ፣ ግመል፣ ቢጫ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ሀገረ ማርያም ለምሳ ስንወርድ ጥብስ አዝዤ ግማሹን ተውኩት። ሾፌሩ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር።

"ምነው፣ አልጣመሽም?"

"ጥሞኛል። ትንሽ ፈርቼ ነው።"

"ምን ያስፈራል? አዲስ አበባ ማን አለሽ?"

"የሚቀበለኝ ቤተሰብ አለ።"

"ዘመድ?"

"አይደሉም። አላውቃቸውም።"

ሾፌሩ የጠቀለለውን ጉርሻ ይዞ ትንሽ አየኝና "እንግዲህ እሱ ያውቃል" አለ። ማጽናኛ ይሁን ማስፈራሪያ፣ እስከ ማደሪያችን ዲላ ድረስ ሳሰላስለው ሄድኩ።

ካዛንቺስ፣ እሁድ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ቃሊቲ መናኸሪያ ወርጄ፣ በሁለት ሚኒባስ ተሳፍሬ ደረስኩ። መስቀል አደባባይ ለባቡሩ ተቆፍሮ አቧራው ስታዲየም ድረስ ይጨሳል። "ካዛንቺስ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" ይላል ወያላው። ያ አንድ ሰው እኔ ነበርኩ፤ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ፣ ሻንጣዬን ታቅፌ።

የድርጅቱ ሠራተኛ ትዕግሥት ፌርማታው ላይ ጠብቃኝ ከፎቆቹ ጀርባ ባለው ቅያስ ይዛኝ ገባች። አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ላይ አምስት ስድስት ልጃገረዶች ተኮልኩለዋል።

"ፈረንጇስ?" አለች አንዷ።

"ይኸው መጣች እኮ" አለች ትዕግሥት።

"የታለች?"

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከዚህ በፊት በድርጅቱ በኩል የሚመጡት ሁሉ ፈረንጆች ስለነበሩ፣ ለቤተሰቡ "ከውጭ የምትመጣ መምህርት" ተብሎ ብቻ ተነግሯቸዋል። የቤቱ እመቤት እትዬ ብርነሽ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በራቸው ላይ ትንሽ ሱቅ ያላቸው፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ሜላት አሥረኛ ክፍል ናት፤ ፈረንጅ እንቀበል ያሉትም እሷ እንግሊዝኛ እንድትለምድ ብለው ነው። ጠረጴዛው ላይ ፓስታ፣ የዋጋው ወረቀት ያልተላጠለት አዲስ ሹካ፣ ስድስት የታሸገ ውሃ። ሽንት ቤቱ ውስጥ ሮዝ ሶፍት።

"ግን አንቺ እኮ… ማለቴ፣ ሀበሻ ነሽ" አለችኝ ሜላት።

"ነኝ፤ ይቅርታ" አልኳት። ለምን ይቅርታ እንደጠየቅሁ እስካሁን አላውቅም። ቀጥዬም ለሥራ ቅጥር ፈተና እንደቀረበ ሰው "እንግሊዝኛዬ ግን ጥሩ ነው" አልኩ።

"ኧረ ቁጭ በይ፣ መንገድ አድክሞሻል" አሉኝ እትዬ ብርነሽ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አሳዩኝ፤ እሳቸው በወጣትነታቸው፣ በአራት ወንድሞች መሃል። "አንዲት እህት እንኳ ሳይሰጠኝ" አሉና ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ዓይኔ ግን ሹካው ላይ ነበር።

ረቡዕ፣ ከትምህርት ቤት መልስ

ትምህርት ቤቱ ወደ ኦሎምፒያ መውረጃ ላይ ነው። ስልሳ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ሰሌዳ፣ በእጅ የሚፈረፈር ጠመኔ። የናይሮቢ አማርኛዬ አሮጌ ነው ብለው ይስቁብኛል፤ ሒሳቡ ግን ይገባቸዋል። ሰሌዳ ፊት ስቆም አልፈራም።

የምፈራው ቤት ስገባ ነው። ሰሃን ላጥብ ስል "ተይው"፣ ሱቁን ልጠብቅ ስል "አንቺ አረፍ በይ"። እናትና ልጅ ሽሯቸውን ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ለእኔ ብቻዬን ፓስታ ይቀርባል፣ በዚያው ሹካ። ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ሽሮ እወዳለሁ ልል አፌን እከፍትና፣ ለእኔ ብለው የገዙት ነው ብዬ እዘጋለሁ። እንዲህ የሚከበረው የማይሰነብት ሰው ነው። ሻንጣዬን አልፈታሁም፤ ልብሴን ከውስጡ እየመዘዝኩ ለብሼ መልሼ አጥፌ እከተዋለሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ከቅያሱ ማዶ አንድ ሽማግሌ ሞተው ድንኳን ተጥሏል። ማንንም ሳላማክር ከትምህርት ቤት በቀጥታ ገባሁና ሽንኩርት ከሚልጡት ሴቶች መሃል ተቀመጥኩ። ቢላ ሰጡኝ። በአምስት ቀን ውስጥ እጄ ሥራ ሲያገኝ የመጀመሪያው ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር።

"የማን ነሽ፣ የኔ እህት?" አለችኝ ከጎኔ ያለችው ሴት።

"የማንም አይደለሁም።"

ዘመድ አይደለሁም፣ ላግዝ ብዬ ነው የመጣሁት ማለቴ ነበር። ቢላው ሁሉ ቆመ። አንዲት ትልቅ ሴት አማተቡ። "በስመ አብ! እንዲህ አይባልም፣ ልጄ። ያውም ልቅሶ ቤት!"

ቀና ስል እትዬ ብርነሽ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። ሰምተውኛል። ፊታቸው ልክ ሰው በጥፊ እንደመታቸው ነበር። ቤት ደርሰን በሩን እንደከፈቱ ወረቀት አቀበሉኝ።

"ሙሉ ስምሽን ከነአያትሽ ጻፊልኝ።"

"ለምንድን ነው?"

"ለእሁድ እፈልገዋለሁ።"

ትዕግሥት የሙከራውን ውጤት ልትሰማ የምትመጣው ሰኞ ነው። ማርታ ታደሰ ወልዴ ብዬ ጻፍኩ። እንደዚያ ከማሳፍራቸው ፈረንጅ ሆኜ ብወለድ ተመኘሁ። ሰኞ ለአባቴ የምልከውን መልእክት ስልኬ ላይ ጽፌ አስቀመጥኩ፤ "ልክ ነበርክ" ይላል።

እሁድ፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት

"ልበሽ፣ እንሂድ" አሉኝ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ። ሊመልሱኝ ነው ብዬ እየሰጋሁ ተከትያቸው ቅያሱን ወጣሁ።

"የድርጅቱ ቢሮ እሁድ ይከፈታል እንዴ?" አልኳቸው።

"የምን ቢሮ?"

የገባንበት የእድር ቤት ነው። በአንድ ጥግ የታጠፈ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሮች፣ ሰው የሚያክሉ ብረት ድስቶች። ስብሰባው አልቆ ሰዉ እየተበተነ ነው። ጸሐፊው አቶ ግርማ ከወፍራም መዝገብ ፊት ተቀምጠዋል፤ ከራሳቸው በላይ "የሚመዘገበው የሥጋ ዘመድ ብቻ ነው" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። እትዬ ብርነሽ ወረቀቴን ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሰጧቸው።

"ቤቴ የተጨመረች ሰው አለች፤ ይመዝግቡልኝ።"

አቶ ግርማ ስሜን አነበቡ፤ ብዕራቸውን አነሱ። "ምንዎ ናት?"

መሬቱን አየሁ። እንደገና ያው ጥያቄ፤ አሁን ደግሞ መልሱ የእኔ አይደለም።

"የእህቴ ልጅ።"

አቶ ግርማ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋቸው። ሠላሳ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ የእትዬን አባትም እናትም አብረው ቀብረዋል።

"እህትዎ…"

"አዎ፣ እህቴ።"

ብዕሩ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ አቶ ግርማ ዞረው እኔን አዩኝ፤ ከናይሮቢ መምጣቴን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

"ያቺ ናይሮቢ ያለችው?"

"አዎ፣ ናይሮቢ ያለችው።"

"ደህና ናት?"

"ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

ጻፉ። ቀለሙ እስኪደርቅ በእጃቸው አራገቡት።

ውጭ ስንወጣ እንባዬ መጣ፤ ለመደበቅም አልሞከርኩም። "እትዬ፣ ይሄ ምን ያደርግልኛል?"

"ብትሞቺ ድንኳን ይጣልልሻል።"

"ለመሞት አልመጣሁም እኮ!"

"ማን ሙቺ አለሽ? ሁለተኛ፣ ሰው 'የማን ነሽ' ሲልሽ ግን እንዳትቀባጥሪ።"

"ነገስ? ትዕግሥት ስትመጣ?"

"ትምጣ። ፓስታው አልቋል፤ ከእንግዲህ ሽሮ ነው፤ ካልተስማማሽ ንገሪያት።"

መታጠፊያው ላይ መሬት ላይ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት ሽንኩርት ገዙ። ሳምንቱን ሙሉ አንዲት ሰሃን ያላስነኩኝ ሴት ፌስታሉን እጄ ላይ ጣሉትና "ያዢ፣ ደግሞ እንዳይቀደድብሽ" ብለውኝ ቀደም ቀደም እያሉ ሄዱ። ሽንኩርቱ አምስት ኪሎ ነው። እንዳይቀደድብኝ እየሰጋሁ፣ በሁለት እጄ ታቅፌ ቤት አደረስኩት።