የአራጋው አወዳደቅ

አልቃሿ እማማ ወርቄ ለለቅሶ ሲጠሩ ዝም ብለው ሙሾ አያወርዱም፤ አስቀድመው ይጠይቃሉ። ወታደሩ አራጋው ድንበር ላይ መሞቱ የተረዳ ዕለት፣ ፎቶውና ካፖርቱ ድንኳኑ መሀል ተቀምጠው ሳለ፣ ወደ ሚስቱ ወደ ጽናት ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እንዴት አድርጎ ወደቀ? ምን ብዬ ላልቅስለት?»

የነገሯት መሞቱን ብቻ ነው። እማማ ወርቄም ለማንኛውም ወታደር የሚሆን ሙሾ አውርደው ሄዱ። ሰው ሁሉ ተላቀሰ፤ ጽናት ግን የሌላ ሰው ለቅሶ ላይ የተቀመጠች መሰላት።

ልጅ አልወለዱም። ኮምቦልቻ፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን ሲጮህባት ውላ ባዶ ቤት ትገባለች። ከአርባው በኋላ ጎረቤቱ እንዳይከፋት ብሎ ስሙን ማንሳት ተወ። የከፋትስ ይኸው ነበር። ስለዚህ አወዳደቁን ራሷ ልትጽፈው ቆረጠች፤ እንዴት እንደሞተ ካላወቀች እርሟን ማውጣት አልቻለችም።

ጦርነት አይታ አታውቅም። «ምድር ቀውጢ ሆነች፣ ጥይት እንደ በረዶ ዘነበ» እያለች ስንት ወረቀት ፈጀች! የሥራ ጓደኛዋ ከይሪያ አነበበችላት። ከይሪያ ደግሞ ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባትም።

«ወላሂ ጽናትዬ፣ ተኩሱስ ደህና ነው። አራጋው ግን የታል? ይኼ ሁሉ ሰው ሲራወጥ እሱን አጣሁት እኮ።»

ጽናት አኮረፈቻት። ከይሪያ ግን እውነቷን ነበር።

አንድ የዕረፍት ቀን ደሴ ወጥታ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ገዛች፤ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰ የጥንት ህንዶች የጦርነት ግጥም ነው። በመዝገበ ቃላት እየተንፏቀቀች ክረምቱን ሙሉ አነበበችው። ሜዳው ላይ ያለው ሠራዊት ስፍር ቁጥር የለውም፤ ገጣሚው ግን አይቸኩልም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ሁለት ሰው ይመርጣል። ቀስቱ ከመሳቡ በፊት እያንዳንዱ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ቤቱ ማን እንደቀረ ያወሳል። ፍላጻው ሲለቀቅ እንግዲህ ሟቹ ለአንባቢው ዘመድ ሆኖ ይቆያል። ገዳዩም እንዲሁ። ይህቺኛዋን ነገር ጽናት አልወደደቻትም።

ከዚያ አራጋውን ብቻውን አቆመችው፦ የኩታበሩን ልጅ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነውን። ምሽግ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ ነው። እዚህ ስትደርስ ብዕሩ እምቢ አለ። ተኳሹ ማነው? «ጠላት» ብላ ጻፈች፤ ጥይቱ ንቅንቅ አልል አለ። ለባሏ ገዳይ ስም ልታወጣ! ተነሥታ ቦርከና ወንዝ ዳር ስትዞር ዋለች።

ተመልሳ ተኳሹን ክፍሎም አለችው። ከድንበሩ ማዶ፣ የከረን ልጅ፣ ብስክሌት ጠጋኝ። ዳረችውም፤ ሚስቱን ለምለም አለቻት። ከዚያ ክፍሎም ተኮሰ። አራጋው የጫማውን ማሰሪያ እንደያዘ፣ ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ገጽ ፈጅቶ ወደቀ። ጽናት ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች።

ከይሪያ አንብባ ስትጨርስ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

«አሁን አገኘሁት። ክፍሎምስ? ቤቱ ገባ?»

ጽናት አላሰበችበትም ነበር። ወረቀቶቹን ሰብስባ «አልገባም፤ እሱም ወደቀ» አለች።

የሚቀጥለው እሁድ ተኩስ አልጻፈችም። ከረን የሚወስደው መንገድ ዝግ ነው፤ ቢሆንም በወረቀቱ ላይ ሄደች፣ የለምለምን በር አንኳኳች፣ የአራጋው ሚስት ነኝ አለች። በምን ቋንቋ እንደሚግባቡ አልተጨነቀችም። ለምለም በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየቻት። ከዚያ መቀመጫ ስባ «በይ ስለ እሱ አጫውቺኝ» አለቻት።

አራጋው ከሞተ ወዲህ እንዲህ ያላት ሌላ ሰው አልነበረም።