በመዳብ ሽቦ የጠቀለልሁት ፍሬን

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። አሥር ዓመት ይሆነዋል፣ አሥራ ሁለትም ሊሆን ይችላል። የጉና ገብስ መታጨድ የጀመረበት ሰሞን እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ጠዋት ጠዋት እጄ በብርድ ደንዝዞ ብሎን መጨበጥ ያቅተኝ ነበር። ይህን ነገር ለዘመናት ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልነግራቸው ኖሬያለሁ። ጾም የገደፍሁበትን፣ ጎረቤት የተሳደብሁበትን ሁሉ ስናዘዝ ይህችን ከምላሴ ሥር እያስቀረሁ እመለስ ነበር። አሁን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ እንዳይመስላችሁ። ማንበብ የቻለ ሁሉ ይወቀው ብዬ ነው።

ታከለ እባላለሁ፣ የደብረ ታቦር ሰው ነኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ፊደሌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ፤ በሌላው ፍረዱ።

ዕድሜዬን የገፋሁት ብስክሌት በመጠገን ነው። ኋላ ሞተር በከተማው ሲበዛ እሱንም መጠገን ጀመርሁ፣ እዚያው ግቢዬ ውስጥ ጆንያ አንጥፌ። አልነሣም ያለች ሞተር ስትመጣልኝ መጀመሪያ ነዳጅ መኖሩን አያለሁ። ትስቁ ይሆናል፤ ስንቱ ሰው ነው ነዳጅ ጨርሶ "ተበላሸችብኝ" እያለ እየገፋ የሚመጣ! ቀጥዬ ካንዴላውን፣ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን፣ ፈትቼ አወጣለሁ። አገራችን ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ነዳጁ በደንብ አይነድም፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሶ ይወጣል። በሽቦ ብሩሽ እፈትገውና ከሞተሩ ብረት አስጠግቼ የእግር ማስነሻውን እረግጣለሁ። ብልጭ ካለ በሽታው ሌላ ቦታ ነው። የአየር ማጣሪያውን አቧራ አራግፋለሁ፣ ካርቡሬተሩን በቤንዚን አጥባለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ። ዛሬም ዐይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። ጥሩ ሠራተኛ ነበርሁ። ይህን ስናገር ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ጥፋቴን የሚያከብደው እሱ ነው። ሳላውቅ አልሠራሁትማ።

እናና የምትባል መምህርት ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ቀይ ስኩተር ነበራት፣ እግር ሰብስበው እንደ ወንበር የሚቀመጡባት ትንሽዬ ሞተር። አንድ ቅዳሜ ይዛት መጣች።

"አያ ታከለ፣ የኋላው ፍሬን ላላብኝ። የፊተኛው ከሞተ ቆይቷል፣ በዚችው ነው የምነዳ።"

ከፍቼ አየሁት። የፍሬኑ ሽቦ ከመያዣው አጠገብ ተበጣጥሶ ሦስት አራት ክር ነው የቀረው። መለወጥ ነበረበት። አዲሱ ሽቦ ደግሞ ከባሕር ዳር ካልመጣ የለም፤ እሷም ሰኞ ክፍል መግባት አለባት። ለብስክሌት የለመድሁት ዘዴ ነበረኝ፤ የተበጣጠሰውን በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅልል አድርጎ በፒንሳ ማጥበቅ። ብስክሌት ላይ ዓመት ይከርማል። ያንኑ አደረግሁ።

ከአጥሬ ማዶ ደምሌ የሚባል ቀጥቃጭ ይኖር ነበር፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ። ቀጥቃጭ በእኛ አገር ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ፤ ቡዳ ነው፣ ዐይኑ ይበላል፣ ያደነቀው አይበረክትም ይሉታል። የሠራውን ማረሻ ይወስዳሉ፣ ልጃቸውን ከፊቱ ይሸሽጋሉ። ደምሌ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሥራዬን አየና ሳቀ።

"አያ ታከለ፣ ይኼ ፍሬን ነው ወይስ ክታብ? ቆዳ ያልብሱትና አንገቷ ላይ ያንጠልጥሉላት እንጂ!"

እናና ሳቀች። ጎማ ሊያስለጥፉ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎችም ሳቁ። ደምሌ ወዲያው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የምሬን ነው፣ አያ። ብስክሌት አይደለችም፣ ትከብዳለች። ቁልቁለት ላይ ይበጠሳል። ሽቦው እስኪመጣ ትቁም።"

እውነቱን ነበር። ሰውየው ብረት ያውቃል። እኔም አውቀው ነበር። ግን ቀጥቃጭ በሰው ፊት ሥራዬን ሊያስተምረኝ? ፊቴ ጋለ።

"አንተ ማረሻህን ቀጥቅጥ!" አልሁት። እሷን ደግሞ "ንጂያት፣ ምንም አትሆንም" አልኋት።

ደምሌ ምን ያድርግ? "ስኩተሯስ እንደው ታምራለች። በይ ቀስ ብለሽ ንጂ፣ እኅቴ" አላትና ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰኞ ጠዋት እናና ከትምህርት ቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ስትወርድ ፍሬኑ ተበጠሰ። ቦይ ውስጥ ገባች፤ እግሯ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ስኩተሯን በጋሪ ጭነው ወደ እኔ አመጧት። አየሁት፤ የተበጠሰው እኔ የጠቀለልሁት ላይ ነው። ሰው ሳያየኝ መዳቡን በፒንሳ ቆርጬ ሽንት ቤት ጨመርሁት። ይኼ የመጀመሪያው ነው።

ሁለተኛው ይከፋል። እናናን ልንጠይቅ ቤቷ ተሰብስበናል፤ ሴቶቹ አልጋዋን ከበዋል። አንዷ ባልቴት "ኧረ ቅዳሜ የተጠገነች ሞተር እንዴት እንዲህ ትሆናለች?" አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም እንዲህ አልሁ፦

"እንጃ። ቅዳሜ ደምሌ አጥር ላይ ቆሞ 'ታምራለች' ሲላት ነበር።"

ይኸው ነው። ቡዳ አላልሁም። ማለት አያስፈልገኝም ነበር። ባልቴቲቱ ትፍ ትፍ አሉ፣ ሌላዋ አማተበች፣ የቀረውን እነሱ ጨረሱልኝ። እንደሚጨርሱልኝ አላውቅም ነበርን? አውቅ ነበር። ምን እንደሚሆን ሳላውቅ አፌ አምልጦኝ ነው ልበላችሁ? አልላችሁም። አስቤ፣ መርጬ፣ ምራቄን ውጬ ነው የተናገርሁት።

ደምሌ ዘነበች የምትባል ልጅ ነበረችው። ታጭታለች፤ ሽማግሌ ገብቶ፣ የሠርጉ ቀን ተቆርጧል። የሙሽራው አባት የቡዳን ነገር "ተራ ወሬ ነው" ብሎ የናቀ ሰው ነበር። የእናና እግር ከተሰበረ በኋላ ግን ዘመዶቹ ጮኹበት፣ "ዐይንህ እያየ?" አሉት። ቃሉን አጠፈ። ዘነበች ወር ሳይሞላት እብናት አክስቷ ዘንድ ሄደች፤ በዚያው ቀረች። ደምሌ አጥሩን በሰው ቁመት ልክ አስረዘመው። ማንንም እንዳያይ። ከዚያ ወዲያ በሥራዬ የቀለደብኝ ሰው የለም።

እኔስ ምን አደረግሁ? ጎማ ለጠፍሁ። ካንዴላ ጠረግሁ። ሰው "አያ ታከለ ደግ ሰው ናቸው" ሲለኝ ራሴን ነቅንቄ ተቀበልሁ። ስንት ዓመት ሙሉ!

በመጨረሻ አምና በዐቢይ ጾም ለንስሐ አባቴ ነገርኋቸው። "ሰይጣን አሳስቶህ ነው፣ ልጄ" አሉኝ፤ ጾምና ስግደት ሰጡኝ። ጾሙንም ስግደቱንም ፈጸምሁ። ይቅር ይበሉኝና፣ በዚያች በአንዷ ነገር ግን አልተስማማሁም። ሰይጣን ፒንሳ አልያዘም። የያዝሁት እኔ ነኝ። የተናገርሁትም በሰው ፊት ነው፤ እንዴት በጆሮ ሹክሹክታ ብቻ ይለቀኛል?

እናና ቤት ሄድሁና ነገርኋት። እግሯን እንኳ አልተመለከተችም።

"የእኔስ እግር ባነክስም ድኗል። የዘነበችን ጉዳት ምን ሊያደርጉት ነው?" አለችኝ።

"እሑድ የእድር ስብሰባ አለ፣ እዚያ ይናገሩታል። እኔም እመጣለሁ" አለች።

እሑድ ተነሥቼ ቆምሁ። ገና ሦስት ቃል ሳልናገር ሰብሳቢው "አያ ታከለ፣ ያለፈ ነገር ምን ይሠራል? ይቀመጡ" አሉኝ። ከኋላ አንዱ "አርጅተው ነው፣ ይዘባርቃሉ" አለ። ሌላው "ቡዳው እሳቸውንም በላቸው!" ብሎ ሰው አሳቀ። ልቤ ተቆጣ። በሕይወቴ ጮኼ የማላውቅ ሰው ጮኽሁ።

"አልቀመጥም! ፍሬኑን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። መዳቡን የደበቅሁ እኔ ነኝ። ደምሌ ይበጠሳል ብሎ አስጠንቅቆኛል፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። ዘነበችንም የበላቻት የእኔ ምላስ ናት። ከዛሬ ጀምሮ ይህን ሰው ቡዳ የሚል ሰው እኔን መጀመሪያ ውሸታም ይበለኝ!"

ደምሌ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ተነሣ፣ ጋቢውን አስተካከለ፣ "ሰማሁ" አለ፣ ወጣ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ለዘነበችም ስልክ አስደወልሁ፤ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው። ደግ አደረገች።

አንዳንዶች ዛሬም ስምህን አጠፋህ ይሉኛል፣ በሽምግልናህ ራስህን አዋረድህ ይሉኛል። ይበሉ። አልጸጸትበትም፣ ነገም ቢጠይቁኝ ቆሜ እደግመዋለሁ። በየቤታችሁ ሞተር ለምትጠግኑም እነግራችኋለሁ፤ ካንዴላ ይጠረጋል፣ ጎማ ይለጠፋል፣ የፍሬን ሽቦ ግን አይጠቀለልም፣ ይለወጣል። ሽቦው ከሌለ ሞተሯ ትቁም፣ ባለቤቷ በእግሯ ትሂድ። የሚያውቅ ሰው ሲነግራችሁም ማን እንደሆነ አትጠይቁ።

ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም። የሚሰጠኝ ካለ ደምሌና ዘነበች ናቸው፤ ባይሰጡኝም መብታቸው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጻፍልኝ። ያን እሑድ፣ ሰው ሲስቅብኝ ልቀመጥ ስል፣ እያነከሰች መጥታ አጠገቤ የቆመች፣ ክንዴን ጨብጣ "ይጨርሱ፣ አያ፣ ገና አልጨረሱም" ያለችኝ አንዲት ሴት ናት። እግሯን የሰበርሁባት እናና።