ቀዝቃዛው ብረት

ዛሬ ቅዳሜ፣ ኮምፒውተራችን ከቁርስ ጀምሮ እስከ ቀትሩ የዙህር አዛን ድረስ አንድ ጊዜም ሳይጠፋ ሠራ! ይሄ ምኑ ያስደስታል የሚል ካለ ያለፉትን ወራት እኛ ቤት አልነበረም ማለት ነው። ይህንንም የምጽፈው በእሱው ነው። ሦስት ጊዜ ቆም ብዬ አየሁት። አለ፣ እየሠራ ነው። ወላሂ አሁንም አላመንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ይበራል፣ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ እኔ ዐረፍተ ነገር መሀል ላይ እያለሁ ድርግም! መብራት አልሄደ፣ ገመድ አልተነካ። ድርሰቴን ግማሹን ይዞት ይሄዳል። መጻፍ የጀመርኩት ደግሞ ገና ዘንድሮ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ስገባ ነው። በእጄ ስጽፍ እየሰረዝኩ ደብተሩን እጨርሰዋለሁ። እዚህ ላይ ግን ቃሉን እንደ ልቤ አገላብጠዋለሁ። የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተር በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለአራት ነው የምንካፈለው፤ ይሄ ከሄደ የእኔም መጻፍ አብሮት ሄደ ማለት ነው።

አባዬ ገበያ ውስጥ አንሶላና ብርድ ልብስ ይሸጣል። ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ ሦስት ጊዜ ጥገና ቤት ወስዶታል። እዚያ ሲደርስ እንደ ጤነኛ ይበራል! ጠጋኙ ሻዩን እየጠጣ «ይኸው ይሠራል። ምናልባት የታመመው ቤታችሁ ይሆናል» እያለ ይስቅብናል። በሦስተኛው ግን ሳቁን ትቶ «ማዘርቦርዱ፣ ዋናው ሰሌዳ ነው፤ አለቀለት» አለ። እማዬ በበኩሏ «የሰው ዓይን ነው፤ የገባው እንግዳ ሁሉ እሱን አይደል የሚያየው!» ብላ ራሷ በሠራችው ዳንቴል ከላይ እስከ ታች ሸፈነችው። አባዬ ደግሞ ለመለዋወጫ የሚገዛ ሰው ከደጀን አገኘ።

«ቅዳሜ ይመጣል። እስከዚያ ካዳንሽው ያንቺ ነው» አለኝ። እየቀለደ ነበር። ለእኔ ግን ቀልድ አልነበረም። ቀኑ ሰኞ ነው።

መቼ እንደበራ፣ መቼ እንደጠፋ፣ ውጪው ብርድ ይሁን ፀሐይ በደብተር መመዝገብ ጀመርኩ። ሰኞ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል፣ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ማክሰኞ በማለዳ፣ ያ የማርቆስ ብርድ ጣት ሲያደነዝዝ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ረቡዕ ዘነበ፤ እንደገና ቆየ። ሐሙስ ፀሐይ ወጣ፤ ቶሎ ጠፋ። ደብተሩን ሳየው ክው አልኩ። ሙቀት ነዋ! አባዬ ጥገና ቤት የሚወስደው በማለዳ፣ ሱቁን ሳይከፍት ነው። ጠጋኙ ደግሞ ሻዩ እስኪያልቅ ብቻ ነው የሚያየው። እዚያ ለመሞት ጊዜ አላገኘም!

ዳንቴሉን ገፈፍኩት። እማዬ «እንግዲህ ገዳዩ የኔ ዳንቴል ሆነ?» ብላ አኮረፈች። ትንሽ ተሻለው፤ ግን ጠፋ።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ የጎኑን ክዳን ፈታሁ፤ አቧራውን በቀለም ቡርሽ ጠረግኩ። መልሼ አበራሁት። ማራገቢያው ይሽከረከራል። እስኪጠፋ ጠበቅኩት፣ ጠፋ፣ ገመዱን ነቀልኩ። ከማራገቢያው ሥር ሙቀቱን ከዋናው ቺፕ ተቀብሎ የሚያስወጣ ጥርሳም ብረት አለ። እንደ ካውያ እንዳያቃጥለኝ ጣቴን ምራቅ አስነክቼ ጠጋ አደረግኩ።

ቀዝቃዛ! እንደ ጠዋት ቧንቧ ቀዝቃዛ!

የአራት ቀን ምዝገባዬ ሁሉ ውሸት መሰለኝ። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ጣቴን ዝቅ አድርጌ ከብረቱ ግርጌ፣ ሰሌዳውን ስነካው ግን «እፍ!» ብዬ ዘለልኩ። ከታች እሳት፣ ከላይ በረዶ። መሀላቸው የሆነ ነገር አለ።

«አባዬ! ይሄን ማራገቢያ ከነብረቱ ማን ነው የገጠመው?»

«እኔ ነኛ!» አለ ኮራ ብሎ። «አምና አሮጌው ሲጮህብን፣ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ። ምነው?»

የስልኩን ባትሪ አብርቶ ያዘልኝ፤ አራቱን ብሎን ፈትቼ ብረቱን ገለበጥኩት። ከታቹ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበታል፤ በሙቀት ተጨማዷል፣ ጠርዙ ቢጫ ሆኗል። ላዩ ላይ በቀይ እንግሊዝኛ «ከመጠቀምዎ በፊት ይላጡ» ይላል። አፌን ያዝኩ።

«አባዬ… ይሄን አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አውቄ ነው የተውኩት። ላስቲኩ የተላጠ ዕቃ ማን አዲስ ይለዋል?»

ልክ ነው፣ እሱ ነጋዴ ነው። ሱቁ ውስጥ ከላስቲኩ የወጣ ብርድ ልብስ እንደ አሮጌ ይቆጠራል። ቤታችንም እንደዚያው ነው፤ ሪሞቱ በላስቲክ፣ የፍሪጁ በር በላስቲክ፣ ሶፋው ላይ ስንቀመጥ እስከ ዛሬ ይንኮሻኮሻል። ግን የኮምፒውተር ልብ ላይ!

እማዬ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «የሰው ዓይን ነው ብዬ ነበር! የገዛ ዓይንህ ነው እንጂ!» ብላ እስክትንፈራፈር ሳቀች። አባዬ ግን ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ «ሦስት ጊዜ በባጃጅ… እኔው አፍኜው…» ይላል።

ሳይመሽ ወደ ጠጋኙ ሮጥኩ፤ በቺፑና በብረቱ መሀል ተቀብቶ ሙቀቱን የሚያሻግር ግራጫ ቅባት ያስፈልጋል። ላስቲኩን አገላብጦ አየው። «እኔ እኮ ከፍቼ አላየሁትም» አለና አንገቱን ደፋ። ከዚያ የምስር ፍሬ የምታህል ቅባት በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ሂጂ፣ እንጀራዬን ሳትቀሚኝ!»

ማታውኑ ገጠምኩት፣ ጠዋት አበራሁት። ረፋዱ ላይ የደጀኑ ሰው ሲደውል አባዬ አጠገቤ ነበር። «ወንድሜ፣ እንዳትመጣ፤ ድኗል። ማን? አይ፣ ጠጋኝ አይደለም። ልጄ ናት» አለው። እኔ እየሰማሁ መሆኔን ረስቶ ነው መሰለኝ፣ «ልጄ ናት»ን ሁለት ጊዜ ደገመው።

አሁን አባዬ ከጀርባዬ ቆሞ ይሄን ጻፊልኝ ይላል፦ ኮምፒውተሩ ያለ ምክንያት የሚጠፋበት ሰው ለመለዋወጫ ከመሸጡ በፊት ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ይምጣ፣ ሻይ በእሱ ነው። የክፍሌ ልጆች ቤታችንን ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ጠይቃችሁ ኑ። መቼ እንደሚጠፋ የመዘገባችሁበትን ወረቀት ያዙ። ሴቶች ደግሞ በተለይ ኑ፤ ብሎኑን የምትፈቱት እናንተ ናችሁ፣ እኔ ባትሪ እይዝላችኋለሁ።