በአንድ ቁርበት ሁለት ሆነን ወርደን

በደሉ ይህ ነው፤ ተጽፎ ይቀመጥልኝ። ሁለት ልጆች በአንድ ቁርበት ላይ ተቀምጠን ተረተሩን ወረድን፤ የተገረፍሁት ግን እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ሰሞኑን መሐል ሜዳ ከተማ ልጄ ቤት ስሰነብት፣ ደጅ የተሰጣ ቁርበት ዝናብ መትቶት ሸተተኝ። ልጄ ግቢዋን በቆርቆሮ አጥራ የልጅ ልጄን እንደ ዶሮ ዘግታ ታሳድጋለች። ልጅቷ አጥሩ ሥር ያለች ድንጋይ ላይ ብትወጣ "ትወድቂያለሽ፣ ውረጂ" ነው። ትውደቅ እንጂ። ስምንት ዓመት ሞልቷት ጉልበቷ ላይ አንድ ጠባሳ የላትም። ብናገር ልጄ "እማዬ፣ ያንቺ ዘመን ሌላ ነው" ትለኛለች። የእኔን ዘመን ማን ነገራት?

መንግሥት በተለወጠበት ክረምት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ በአንድ ዓመት ያንሰኛል። ከቤታችን በላይ ጓሳ ሣር የለበሰ ተረተር አለ። ዝናብ ሲጠግብ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። የሰፈሩ ልጆች የሣር ነዶ እየጋለቡ ይወርዱበት ነበር፤ ነዶው ግን መንገድ ላይ ይበተንባቸዋል። እኔ የእንግዳ መኝታውን ቁርበት ጠቅልዬ ወጣሁ። ወንድሜም "እናገራለሁ" እያለ ተከተለኝ።

መጀመሪያ ጠጉሩን ወደ ታች አድርጌ ዘረጋሁት፤ አልሄደም። ልጆቹ ከበው ሳቁብኝ። አንዱ "በሬው አልሞተም መሰለኝ፣ እምቢ አለሽ" አለኝ። ተናድጄ በእጄ ዳሰስሁት። ጠጉሩ የሚተኛው ከአንገት ወደ ጅራት ነው፤ እኔ ጅራቱን ወደ ፊት አድርጌው ኖሯል። አዞርሁት። ወንድሜን ከኋላዬ አስቀምጬ አንዴ በእግሬ ብገፋ፣ ሄደ።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም። ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ያፏጫል፤ የረጠበው ሣርና ጥቁሩ አፈር ይሸታል፤ ወንድሜ ወገቤን አንቆ "ማርያም፣ ማርያም" ይላል። ግርጌው ላይ ድንጋይ ያዘን። ቁርበቱ እስከ መሐሉ ተቀደደ፤ የፊት ጥርሴ ተሸረፈ። ቀና ስል እናቴ ከግቢያችን የድንጋይ ካብ ሥር ቆማለች።

እኔን በአርጩሜ ገረፈችኝ። ወንድሜን እሳት ዳር አስቀምጣ ቆሎ ሰጠችው። "እሱስ?" አልሁ። "ዝም በይ" አለች።

በዚህም አልበቃት። ክረምቱን ሙሉ ባና ለሚባለው ብርድ ልብስ የሚሆን የበግ ጠጉር እንድፈትል ከበር ወዲያ መውጣት ከለከለችኝ። የሚያበግነው ደግሞ ሌላ ነው፤ የተቀደደውን ቁርበት በጠፍር ሰፍታ ለወንድሜ ሰጠችው። የልጆቹ ጩኸት ከተረተሩ ሲመጣ እንዝርቴ ይወድቃል፤ ፈትሌ ሁሉ ጓጓላ ሆነ። እሱ ማታ ሲመለስ ልብሱን እመረምራለሁ፤ ጭቃ የሚባል የለበትም። ሌሎቹ ሲወርዱበት ቆሞ እያየ ነበር የሚውለው። ቁርበቱንም አባከነው።

ስዳር እናቴን ስለዚያ ግርፋት ጠየቅኋት፤ ስወልድ ጠየቅኋት። "አንቺ ደግሞ ነገር አትረሺም" ትለኝ ነበር። ወንድሜ አሁን ቄስ ነው፤ እሱንም ጠየቅሁት። "እኔ እኮ ያኔ ልጅ ነበርሁ" አለኝ። እኔስ ምን ነበርሁ?

እናቴ ከማረፏ በፊት በነበረው ክረምት ፀሐይ ላይ አስቀምጫት ሳለ የጎረቤት ልጆች በማዳበሪያ ጆንያ ሲንሸራተቱ ድምፃቸው መጣ። ጠጉሯን እየዳበስሁ እንደገና ጠየቅኋት፤ በዚያች ቀን እሱ ለምን አልተገረፈም?

ጋቢዋን ወደ ፊቷ ሳበች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

"ከላይ ስትነሡ ጀምሮ አይቻችኋለሁ" አለች። "ወንድምሽ ዓይኑን ጨፍኖ ወረደ። ሁለተኛ እንደማይሞክረው ካወቅሁ ምን ብዬ ልምታው? አንቺ ዓይንሽን ገልጠሽ ትስቂ ነበር። ይህችን ልጅ ምን ከቤት ያስቀምጥልኛል ብዬ ፈራሁ። በእጄ ያገኘሁት አርጩሜውን ነበር።"